የኔ ጾም ጎረቤቴን ያስረዋል? በሃይማኖት ስለ መቀለድና ስለማያምን ሰው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ኦርቶዶክስ ነኝ። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ ንስሐ አባት አለኝ። እናቴ የመንዝ ሰው ናት። አክስቴ ግን በልጅነቷ ይፋት ወርዳ ሙስሊም አግብታ፣ ሰልማ፣ እዚያው ወልዳ ከብዳ ቀርታለች። ከቅርብ ዘመዶቼ አንዱ ደግሞ ሃይማኖት የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርጎ ከተወ ቆይቷል። ዓመት በዓል ሲመጣ ሁላችንም የምንሰበሰበው አንድ ቤት ነው። እዚህ የሰፈሩት ጥያቄዎች ቡና ላይ፣ እድር ላይ፣ ሥራ ቦታ ደጋግመው የሚነሱ ናቸው። አስተያየቱ የኔ ነው። ሕጉን ግን ከሕጉ ነው ያመጣሁት።

የማላምንበት ሃይማኖት ሥርዓት እኔን ይገዛኛል?

አይገዛህም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም ይላል። አንቀጽ 27 ደግሞ ሰውን በእምነቱ ማስገደድ ይከለክላል። የዚያ አንቀጽ ርዕስ ላይ "ሃይማኖት" እና "እምነት" ብቻ አልተጻፈም። "አመለካከት" የሚል ቃልም አለበት። ምንም የማያምነው ዘመዴ የሚጠለለው እዚያች ቃል ሥር ነው ብዬ አነበዋለሁ።

ሰው ቤት ስትገባ ግን ሌላ ነው። ሰላ ድንጋይ አጠገብ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ለመጠመቅ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል። እናትህን ለማድረስ ብቻ ብትሄድም የግቢውን ሥርዓት ትጠብቃለህ። ጫማ አውልቅ በተባልክበት ታወልቃለህ። መስጊድ ስትገባም እንደዚያው ነው። ይህ መገዛት አይደለም፤ እንግድነት ነው። ከግቢው አጥር ወጥተህ አስፋልቱ ላይ ስትደርስ ግን ያ ሥርዓት አንተን አይከተልህም።

ሰው ሁሉ በሚጾምበት ከተማ በሁዳዴ ሥጋ ብበላ ነውር ነው?

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ ሲደመሩ ሁሉንም የሚጾም ሰው የዓመቱን ከግማሽ የማያንስ ቀን ጾመኛ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። ይህን እንደ ግዴታ የሚያዩ አሉ። ነጋዴው ግን የሚዘጋው ገዢ ስለሌለው፣ እሱም ስለሚጾም ነው። በገዛ ሱቁ ማንም አይጠይቀውም። ምግብ ቤቱ የጾም ብቻ ልሥራ ቢልም መብቱ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው የማይጾመውን ሰው ምሳ ዕቃ መክፈት የጀመርን ቀን ነው።

ልጅ እግር ሆኜ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነበር። አለቃችን በጾም ወራት የፍስክ ምግብ ወደ ግቢው እንዳይገባ ከለከለ። በጽሑፍ አልነበረም፤ በቃል ነው። አንዲት ሙስሊም ባልደረባ ነበረችን። ከቤቷ የምታመጣው ወጥ እንቁላል ያለበት ይሆናል፣ ቅቤ የነካው ይሆናል። ምሳዋን ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ለብርዱ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ቆማ ትበላ ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ። እኔ ጾመኛው ውስጥ ተቀምጬ ሽሮዬን እበላለሁ። አንድ ቀን እንኳ "ለምን?" አላልኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያኔ የጾምኩት ጾም ለእግዚአብሔር መድረሱን አላውቅም።

አክስቴ ጋ ይፋት ስንሄድ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። በልጅነታችን በረመዳን እንሄዳለን። ይፋት ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ለጾመኛ ከባድ ነው። እሷ ምራቋን እንኳ እየፈራች ቀኑን ትውላለች። ለእኛ ግን ምሳ ሠርታ፣ ጨው መብቃቱን ሳትቀምስ፣ ታቀርብልናለች። ባሏ ጋሼ አንድ ቀን "ልጆቹ እስከ ማታ ቢታገሱስ?" ሲላት "የጾምኩት እኔ ነኝ፣ እነሱ ምን አደረጉ?" አለችው። እሱም ሳቀና ውኃ አመጣልን።

የኛም ቤተ ክርስቲያን ብትሆን ሕፃናትን ከሰባት ዓመት በታች አታስጾምም። የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ይበላል። ለራሷ ልጆች እንዲህ የምታዝን ከሆነ የሰው ልጅ ላይ የምንጨክነው እኛ ከማን ተምረን ነው?

ይሉኝታ ግን መልካም ነው። ጾመኛ ፊት ጥብስ ማማሰል ሕግ አይከለክለውም፤ ጨዋ ሰው አያደርገውም። ይህን ግን ራሱ በላተኛው ያስብበት። ሌላው ተነስቶ የሚያስፈጽመው ነገር አይደለም።

በበዓል ቀን የሚያርስ ሰው በረዶ ያመጣብናል ይባላል። ታዲያ የሱ ሥራ እኛን አይነካንም?

ይህ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ነው። ከተማ ያለ ሰው ይስቅበታል። መንዝ ወይም ጣርማበር ደጋ ላይ ገብስ ዘርቶ የሚያውቅ ሰው አይስቅም። ነሐሴ ላይ፣ ገብሱ ሊያሽት ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የወረደ በረዶ የዓመት ቀለብ ምድር ላይ ያነጥፈዋል። ያን ያየ ገበሬ ምክንያት ይፈልጋል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ በሬ የጠመደ ጎረቤት ካለ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። "በሱ ጦስ ነው" ይባላል። በዓል የሻረን ሰው መንደሩ ሲቀጣው፣ ቀንበሩን ሲይዝበት፣ ከማኅበሩ ሲያገልለው የኖረው በዚህ ነው።

ስለዚህ ገበሬው "የሱ እምነት የሱ፣ የኔ የኔ" ለሚል ክርክር ጆሮ የለውም። እሱ የሚያየው እንደ እሳት ነው። ጎረቤትህ ጣሪያው ላይ እሳት ቢለኩስ "የግሉ ነው" ብለህ ታልፋለህ? ጉዳዩን በዚህ በኩል ካላየነው ከገበሬ ጋር አንነጋገርም።

እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። በዓሉ በደንብ በተከበረበት ዓመትም በረዶ ወርዷል። አያቴ ይህን ያውቅ ነበር፤ በሕይወቱ አንድም ሚካኤልን ሳይሽር ሁለት ጊዜ ገብሱ ተመቷል። ደግሞም የበረዶውን ፍርድ ለእግዚአብሔር ከሰጠን የገበሬውንም ፍርድ ለሱ እንስጠው። እሱ የሚቀጣውን እኛ ቀንበር ወስደን የምንቀጣው፣ እሱ ያቃተው መስሎን ነው? ከዚህ የባሰ ድፍረት አላውቅም።

ከጣርማበር ቁልቁለቱ ላይ የሆነ አንድ ነገር ዘመድ አጫውቶኛል። አንድ ሙስሊም የአንዲት ክርስቲያን መበለት መሬት በእኩል ያርሳል። በወሩ ማርያም ቀን ጠምዶ ተገኘ። ጎረምሶች ሄደው ቀንበሩን ወሰዱበት። መበለቷ ቄሱ ጋ አለቀሰች። ቄሱ ጎረምሶቹን ጠርተው "ማርያም ቀንበር ሰርቃችሁ አምጡልኝ አለቻችሁ?" ብለው ቀንበሩን አስመለሱላት። ሰውየው ግን በሚቀጥለው ወር በገዛ ፈቃዱ ማርያም ቀን አልጠመደም። ለመበለቷ ሲል ነው፤ ጎረቤት እንዳያስቀይምባት። ማንም አላስገደደውም።

ይህ ነጻነት የፈረንጅ ነገር አይደለም? በኛ ታሪክ የት አለ?

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ይህን መጠየቅ አይቻልም። የከተማዋን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ሳሉ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቦታው ደብረ ብርሃን ተባለ። ሰንበት ትምህርት ቤት የነገሩኝ ይህን ነው። ብርሃኑን ነገሩኝ፤ ድንጋዩን አልነገሩኝም።

የንጉሡ ዜና መዋዕል ራሱ እንደሚተርከው ብርሃኑ የታየው ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኮሳት እዚሁ ቦታ ላይ በድንጋይ ከተወገሩ ከ38 ቀን በኋላ ነው። ንጉሡም ብርሃኑን ለፍርዳቸው የተሰጠ ምስክር አድርገው ወሰዱት። የታሪክ ሰዎች በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው ከሃሌ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። መነኮሳቱ ከሃዲዎች አልነበሩም። ከብዙዎቻችን ይልቅ የጾሙና የጸለዩ ሰዎች ነበሩ። ጥፋታቸው በንጉሥ ትእዛዝ ለሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም፣ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ማለታቸው ነው። በዚያው ዘመን ሰው ግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ እጁ ላይ "ዲያብሎስን ክጄዋለሁ" የሚል እንዲጽፍ ታዞ ነበር። እኔ ስግደቱንም ጽሑፉንም አልቃወምም፤ ሥዕል ፊት እሰግዳለሁ። ግን ታዝዞ የሰገደ ሰው ለማን ነው የሰገደው? ይህ ጥያቄ ከፓሪስ አልመጣም። ከዚህ፣ ከተማችን መሠረት ሥር ነው የሚመጣው።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ደብረ ሊባኖስና ብዙው ሸዋ ይዞት የነበረው የሦስት ልደት ትምህርት፣ ክርስቶስ ከአብና ከማርያም ከመወለዱ ሌላ በመንፈስ ቅዱስም ሦስተኛ ልደት አለው የሚለው፣ ተወገዘ። የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። እዚያ ላይ በአንድ ትእዛዝ ሸዌው ክርስቲያንና ወሎዬው ሙስሊም ተያይዘው ተመቱ። ሰይፉን የያዘው ሰው ዛሬ ያንተን ሃይማኖት ቢደግፍ ነገ ያንተን ቅርንጫፍ ይቆርጣል። ይህንን ሸዋ በደንብ ያውቀዋል።

"ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው" የሚለውን ቃል አባቶቻችን አውርሰውናል። እወደዋለሁ። ግን በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ነበር። ቃሉ አንድ፣ ሕጉ ሌላ። ሚያዝያ 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች በዓላችን ይከበር፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ ብለው አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረው ወጡ። ዛሬ መውሊድና ኢድ ቢሮ ተዘግቶ የሚከበረው ከዚያ ወዲህ ነው።

መጽሐፉም ይህን አይቃወምም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ በውጭ ባሉት ላይ መፍረድ ምን አግዶኝ ይላል። ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ፣ አንቀጽ 256፣ በሃይማኖት ማስገደድ የለም ይላል።

በሃይማኖት መቀለድ በራሱ ድፍረት አይደለም?

መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሰው እንዲህ ማለት ይከብደዋል። ኤልያስ ቀርሜሎስ ላይ የበኣልን ነቢያት ምን አላቸው? ጮክ ብላችሁ ጥሩት፣ ምናልባት ተኝቶ ይሆናል፣ መንገድ ሄዶ ይሆናል። ኢሳይያስ ግንድ ቆርጦ በግማሹ እንጀራ ጋግሮ፣ ሥጋ ጠብሶ፣ በቀረው ጣዖት ሠርቶ ስለሚሰግድ ሰው ይተርካል። ጌታችን ራሱ ፈሪሳውያንን ትንኝን አጥርታችሁ ግመልን ትውጣላችሁ ብሏቸዋል። ያን ጊዜ የሰማው ሕዝብ ሳይስቅ የቀረ አይመስለኝም።

በኛም አገር ቤተ ክህነቱ ራሱ የቀልድ ቤት ነው። ሰምና ወርቅ የተማረ ደብተራ አለቃውን፣ መኳንንቱን፣ አንዳንዴም ቅዱሱን ሳይቀር በቅኔ ወጋ አድርጎ ያልፋል። አለቃ ገብረ ሃና የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ዝማሜ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ግን አገር የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። አዝማሪውም ቢሆን ማሲንቆውን ይዞ ጠጅ ቤት የገባ ጊዜ ቄስ አለ ብሎ አፉን አይዘጋም።

ስለዚህ ቀልድ ከእምነት ውጭ ያለ ጠላት አይደለም። እምነት ውስጥ ያለ መጥረጊያ ነው። አጥማቂ ነኝ ብሎ ከድሃ ገንዘብ የሚሰበስበውን፣ ነቢይ ነኝ ብሎ የመኪና ቁልፍ የሚቀበለውን፣ በጾም ወር ሰው እየሰደበ የሚውለውን ጾመኛ በዚያ ባንጠርገው ቤቱ ይቆሽሻል።

ታዲያ የትኛው ቀልድ ነው የማይገባው?

እኔ የማየው ማን ላይ እንደሚወርድ ነው። ሰው ላይ የሚያዝዝ፣ የሚሰበስብ፣ የሚያስፈራራ ላይ ከሆነ ይውረድ። ጥግ ይዛ ለታመመ ልጇ የምትጸልይ እናት ላይ ከሆነ ግን ጭካኔ ነው።

ቁጥርም ግምት ውስጥ ይገባል። ደብረ ብርሃን ላይ እኛ ክርስቲያኖች እጅግ ብዙ ነን። ሃያ ሰው በተሰበሰበበት ካፌ ውስጥ አንዱን ሙስሊም ልጅ ከበን በሶላቱ ስንቀልድበት እሱ መልስ የመስጠት ዕድል የለውም። ፈገግ ይላል እንጂ እየሳቀ አይደለም። ያንኑ ቀልድ እሱ ስለ ራሱ ቢያወራ ሌላ ነገር ነበር።

ሦስተኛው ጊዜና ቦታ ነው። ይፋትና ኤፍራታ ግድም ብዙ አይተዋል። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ምክንያቱ ቀልድ አልነበረም፤ ግን ሰው ሲፈራ ትንሿም ቃል ትከብዳለች። ቁስል ባልሻረበት ቀዬ ቲክቶክ ላይ ቆብ ደፍቶ መስቀል ይዞ ወይም ጥምጣም ጠምጥሞ ሳቅ ለመሰብሰብ መቸኮል ጀግንነት አይደለም። ልጆቹ ይህን ሲሠሩ አይቼ አውቃለሁ። አብዛኞቹ ክፉ አይደሉም። ላይክ ነው የሚፈልጉት።

ስፓጌቲ አምላክ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ሲጀመር ግን ቀልድ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ የትምህርት ቦርዱ ፍጥረት በአንድ ብልህ ንድፍ አውጪ ተሠርቷል የሚለው ሐሳብ ሳይንስ ክፍል ውስጥ ይግባ አይግባ እያለ ይከራከር ነበር። ቦቢ ሄንደርሰን የሚባል ፊዚክስ የተማረ ወጣት ደብዳቤ ጻፈ። ዓለምን የፈጠረው በሰማይ የሚበር የስፓጌቲ ጭራቅ ነው ብዬ አምናለሁ፣ የኔም ትምህርት እኩል ሰዓት ይሰጠው አለ። ነገሩ ዓለምን አዳረሰ። በ2011 ኦስትሪያ ውስጥ ኒኮ አልም የተባለ ሰው የፓስታ ማጥለያ ራሱ ላይ ደፍቶ በተነሳው ፎቶ መንጃ ፈቃድ ወሰደ። ኔዘርላንድ ላይ ግን በ2018 ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ይህ ሃይማኖት አይደለም ብሎ ተመሳሳይ ጥያቄ ውድቅ አደረገ።

ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይህን ሲሰሙ ይናደዳሉ። እኔ አልተናደድኩም። ደብዳቤው እግዚአብሔርን አልጠየቀም። የጠየቀው የመንግሥትን ትምህርት ቤት ነው፦ የአንዱን እምነት ለሁሉም ልጅ ካስተማርክ የሌላውን በምን ትከለክላለህ? የኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ልጄ ሳይንስ ክፍል ውስጥ የሌላ እምነት እንዲሰበክላት እንደማልፈልግ አውቃለሁ። የሙስሊሙም አባት እንደዚያው።

በሃይማኖት መቀለድ በሕግ ያስቀጣል?

ሊያስቀጣ ይችላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 492 የተፈቀደ ሃይማኖታዊ ሥርዓትን በአደባባይ ያወከ፣ ያፌዘበት ወይም የአምልኮ ቦታና ዕቃ ያረከሰ ሰው እስከ ሁለት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 1000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል ይላል። ይህን እደግፋለሁ። ጥምቀት ላይ ታቦት ሲያልፍ ወይም ኢድ ላይ ሶላት ሲሰገድ መሐል ገብቶ ማሾፍ ሐሳብ መግለጽ አይደለም፤ የሰውን ጸሎት መስበር ነው።

አንቀጽ 816 ግን ያስጨንቀኛል። በአደባባይ በቃል ወይም በምልክት በሃይማኖት ላይ ያፌዘን፣ የሌላውን ስሜት በጣም የሚያስቀይም ነገር የተናገረን በመቀጮ ወይም እስከ አንድ ወር ማረፊያ ቤት ይቀጣል። "በጣም የሚያስቀይም" የሚለውን ማን ይለካዋል? በቀላሉ የሚቀየም ሰው ሕጉን በእጁ ያዘ ማለት ነው። ኤልያስ ዛሬ ቢመጣ በዚህ አንቀጽ ይከሰስ ነበር። ቢሻር ደስ ይለኛል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ ከዚህ የተሻለ ይለያል። የሚከለክለው በሃይማኖታቸው ምክንያት በሰዎች ላይ ጥላቻ፣ መድልዎ ወይም ጥቃት ማነሳሳትን ነው። ለትምህርታዊ ጥናት፣ ለዜና፣ ለኪነ ጥበብ ሥራና ለሃይማኖት ትምህርት በር ትቷል። ሐሳብን መንቀፍና ሰውን ማስመታት ለየቅል መሆናቸውን ሕግ አውጪው አይቷል።

ውጭ አገርም አንድ ዓይነት አይደለም። አየርላንድ በ2018 እ.ኤ.አ. በሕዝበ ውሳኔ የስድበ አምላክን ክልከላ ከሕገ መንግሥቷ አወጣች። ዴንማርክ በ2017 ሕጓን ሻረች፤ በ2023 ደግሞ ቅዱሳት መጻሕፍትን በአደባባይ ማዋረድን የሚከለክል ሌላ ሕግ አወጣች። ፓኪስታን ውስጥ ነቢዩን መስደብ በሞት ያስቀጣል።

ሃይማኖቴ ሲቀለድበት ባይ ምን ላድርግ?

አስቀድሞ እውነት ይኑረው አይኑረው አስቡበት። ሙስሊም ከሆናችሁ ቁርኣን ራሱ በአል-ኒሳእ ምዕራፍ፣ አንቀጽ 140፣ የአላህ አንቀጾች ሲላገጥባቸው ስትሰሙ ወደ ሌላ ወሬ እስኪገቡ ድረስ አብራችሁ አትቀመጡ ይላል። ተነሱ ነው ያለው። ክርስቲያን ከሆናችሁ ጌታን ሲያላግጡበት ጊዜ ምን እንዳለ አንብባችኋል፤ የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው።

በ2015 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ቻርሊ ኤብዶ የተባለው የፌዝ ጋዜጣ ቢሮ ሲጠቃ በቢሮውና በአካባቢው 12 ሰው ተገደለ። ካርቱኖቹ ብዙ ሙስሊም አስቀይመዋል፤ ጭቅጭቅ የለኝም። ከሟቾቹ አንዱ ግን ራሱ ሙስሊም የነበረ ፖሊስ ነው። ተኳሾቹ ሃይማኖታቸውን ጠበቅን ብለው የሃይማኖት ወንድማቸውን መንገድ ላይ ገደሉ።

መልስ ስጡ፣ ጻፉ፣ አትግዙ፣ ተነስታችሁ ሂዱ። ሰው አትሰብስቡ። "እንዲህ ብሏል" የሚል ቪዲዮ ሳያጣሩ አታጋሩ።

የማይክ ድምጽስ? ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ካሳጣኝ?

ቅዳሴም ሆነ አዛን ሰው መጥራቱን እወደዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ግን የታመመ ሰው ጆሮ ላይ መጮህ ግዴታ አይደለም። አንቀጽ 27 ራሱ ሃይማኖትን መግለጽ ለጤናና ለሌሎች መብት ሲባል ሊገደብ ይችላል ይላል። መጀመሪያ ሽማግሌ ልካችሁ አነጋግሩ። የኛ ሰፈር ላይ በዚያ አልቋል።

ሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ አይደል? እሱ ያልፈለገውን ሰው አያስገድድም?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ ይችላል ይላል፤ ግን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ። ስለ ፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ፈቃድን ይጠይቃል። አክስቴ በራሷ ፈቃድ ቃዲ ፊት ቀርባ የውርስ ጉዳይ ጨርሳለች፤ ረክታለች። ጎረቤቷ ደግሞ አልፈልግም ብላ መደበኛ ፍርድ ቤት ሄዳለች። ሁለቱም ሙስሊም ናቸው። ሙስሊም መሆኗ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም።

የማያምን ሰው ሲሞት የት ይቀበራል? ማን ይቀብረዋል?

ይህን የጠየቀኝ ያ ዘመዴ ነው። ፈገግ ብሎ ነው የጠየቀኝ፤ ግን ከልቡ እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያን የራሷ መካነ መቃብር አላት። ፍትሐት የምታደርገው ለልጆቿ ነው። ያላመነውን ቅበሩ ብሎ እሷን ማስገደድ አይገባም። እምነት የሌለውን ሰው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መገነዝም ለሟቹ ማክበር አይደለም። ስለዚህ ከተማ አስተዳደሮች ለሁሉም የሚሆን የመቃብር ቦታ ሊያዘጋጁ ይገባል። ይህ የነሱ ሥራ ነው፤ ደግመን ደጋግመን መጠየቅ አለብን። ጴንጤውም፣ ምንም የሌለውም፣ መንገደኛውም ሞቶ የሚያርፍበት ያስፈልገዋል።

እድር ግን ሃይማኖት አይደለም። እድር ወርሃዊ መዋጮ ነው፣ ድንኳን ነው፣ ወንበርና ብረት ድስት ነው። ዘመዴ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳያጓድል ከፍሏል። የሰው ለቅሶ ላይ ድንኳን ተክሏል፣ አስከሬን ተሸክሟል። በኛ እድር አንዳንዶች "ቤተ ክርስቲያን ካልተቀበረ እድሩ አይወጣም" ብለው ነበር። ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጀመሪያው ተጯጯህን። በሁለተኛው አንዲት እናት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ቆመው ባላቸው በሞቱ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወተ ያደረው ማን እንደነበር ጠየቁ። እሱ ነበር። ተራ ሳይደርሰው ሦስት ሌሊት አድሯል።

ደንቡ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ አባሉ በየትኛውም ሥርዓት፣ ወይም ያለ ሥርዓት፣ ቢቀበር እድሩ ሙሉ አገልግሎቱን ይሰጣል። የናንተን እድር ደንብ ከጸሐፊው ተቀብላችሁ ስለ ቀብር የሚለውን አንቀጽ አንብቡት። እኛ ጋ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አላነበበውም ነበር።